እትዬ ዘነበች ለአህያቸው የነገሯት

ልጅ እያለሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከእኛ ቤት ጋር የሚነጋገሩት በአህያቸው በኩል ነበር። አንድ ክረምት ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። አደይ አበባው ከረገፈ በኋላም አህያዋ ከዚህ ሥራዋ አላረፈችም።

ይህን የቀሰቀሰብኝ የወንድሜ ልጅ ቅድስት ናት። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን በስልክ ላከችልኝ። «አክስቴ፣ አቮይድ የሚለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው? መቼ ነው የምንጠቀምበት? አንድ ዓረፍተ ነገርም ሥሪልኝ» ትላለች። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። «መሸሽ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። የሚሸሽ ይሮጣል፤ ይህ ቃል ግን በእርጋታም ይሠራል። «መራቅ» አልኩ፤ እሱም አልጣመኝም። አጠገብ ለአጠገብ እየኖሩ የሚያደርጉት ነገር ነውና። «ማስወገድ» ለቆሻሻ ይሁን ብዬ ተውኩት። ጣቴን ስልኩ ላይ እንዳደረግሁ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከካቡ ወዲያ መጣብኝ፤ የእርጥብ ኩበት ጭስና የረጠበ የሱፍ ባና ሽታ ይዞ።

ሰፈራችን ከጓሳ ሥር ነበር። ጓሳ የሜዳውም ስም ነው፣ የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የሁሉም ስለሆነ ማንም እንዳሻው አያጭደውም። ሽማግሌዎች ይዘጉታል፣ ሲደርስ ደግሞ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። እስከዚያ ድረስ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው የጎረቤቱን ሁሉ ጣሪያ እንደገፈፈ ይቆጠራል። ትልልቆቹ «ጓሳን የነካ የልጅ ልጁን ነካ» ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ቤታችን አፈሰሰ። ያፈሰሰው ደግሞ እናቴና ታናሽ ወንድሜ በሚተኙበት መደብ ላይ ነው። ወንድሜ፣ ማለትም የዛሬው የቅድስት አባት፣ ደረቱ ደካማ ልጅ ነበር፤ ባናው ረጥቦ ባደረ ቁጥር ሳሉ ቤቱን ይሞላዋል። አባቴ ማሰሮ ደቀነ፣ ጭድ ጠቀጠቀ፣ አልሆነም። አንድ ማለዳ በጉም ተከልሎ ወደ ጓሳ ወጣና አጨደ። ሸክሙን አስሮ ብድግ ሊል ሲል ጉሙ ገለጥ አለ። የጓሳ ጉም ሲከልል እንደ እናት ነው፣ ሲገልጥ እንደ ባላጋራ። የጓሳው ጠባቂዎች ፊት ለፊቱ ቆመው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጽድ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ። ሣሩን ያስረክብ፣ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ሕዝቡን ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ከባድ ፍርድ አልነበረም፤ ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ተሸክሞ ይቅር ተብሏል። አባቴ ሣሩን አስረከበ፣ ድንጋዩን ግን እምቢ አለ። «ልጁ ላይ ዝናብ ሲወርድ ዝም ብሎ ያየ አባት ካለ፣ እሱ ይሸከም» አለ። እንግዲህ ያን ጊዜ የሽማግሌዎቹ አለቃ ባሻ ተክሌ ተነሥተው ቆሙ። «ሰላም እንዳትሉት። እሳት እንዳትሰጡት። ወንፈል እንዳትገቡለት» አሉ። ወንፈል፣ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እየተባባሉ የሚያርሱበትና የሚያጭዱበት ነው። ያለ ወንፈል ገብስ የሚሰበስብ ሰው በእኛ አገር አልነበረም።

ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያልፍ ያየሁት ያኔ ነው። ወንዶቹ እኛን ከሩቅ ሲያዩ የጫማቸውን ጠፍር ሊያጠብቁ ያጎነብሳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጋሉ። ባሻ ተክሌ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው የሚሰጡኝ ሰው ነበሩ፤ አሁን እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሰማዩን ይመረምራሉ። ጠራራ ቀን ላይ እንኳ ዝናብ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ላይ ያያሉ። ጓደኛዬ ብርቄ ደግሞ ከካቡ ወዲያ ብቻዋን ተቀምጣ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች። ጠጠሮቹ መሬት ሲመቱ ይሰማኛል፣ ስትስትም አውቃለሁ። እኔም ከወዲህ ተቀምጬ በራሴ ጠጠር እጫወታለሁ። እሷ ስትስት እኔ እጀምራለሁ፣ እኔ ስስት ትንሽ ቆይቶ የእሷ ጠጠር ይሰማል። ማን እንዳሸነፈ አንነጋገርም፤ ሁለታችንም ግን እናውቃለን።

እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ነበሩ። በእኛና በእሳቸው ግቢ መካከል የድንጋይ ካብ አለ። ፍርዱ በተሰማ በሰሞኑ፣ ክብሪታችን ረጥቦ፣ ያዳፈንነው እሳትም ሞቶ፣ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ ድምፃቸው ተሰማ።

«አንቺ አህያ፣ ስሚኝ። ከካቡ ሥር ፍም በገል አስቀምጫለሁ። እንዳትረግጪው አደራ። ሳይጠፋ የሚያነሣው ካለ ያንሣው፤ እኔ ለማንም አልሰጠሁም።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ወጥታ ፍሙን አነሣችና ወዲያና ወዲህ ተመለከተች። ከበሩ ላይ የምትጭር ዶሮ ነበረችን።

«አንቺ ዶሮ» አለቻት፣ «እትዬ ዘነበችን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።»

«አህያዬ፣ ያቺ ዶሮ ምን አለች? ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

እናቴ ከፍርዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር በአህያና በዶሮ ሆነ። ጨው ካለቀብን ዶሮዋ ትሰማለች፤ ጨው ካቡ ላይ «ተረስቶ» ይገኛል። የተጣሉበት ቀንም ነበር። ጥጃችን ገመዷን በጥሳ የእትዬ ዘነበችን ባቄላ ገባችበት። «አንቺ አህያ፣ ጥጃውን ማሰር ያቃተው ሰው ልጅ እንዴት ያሳድጋል?» አሉ። «አንቺ ዶሮ፣ አጥር የሌለው ሰው ጥጃ አይወቅስም» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ አህያዋና ዶሮዋ ተኳረፉ። የታረቁት የወንድሜ ሳል የጠናበት ጠዋት ነው፤ «አህያዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወድቆብኛል መሰለኝ» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ ይህን ሁሉ እየሰማ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይገምድ ነበር። እሱ ደግሞ አለመስማትን ይችልበታል።

የእኔ ጭንቅ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልገባ ቃል ተገብቶልኛል። እኔ ያኔ ትልቅ ልጅ ነኝ፤ እኩዮቼ መጽሐፍ ሲያነቡ እኔ ፊደል አልለየሁም። ለፋሲካ ከራቤል የመጣው አጎቴ ምሳ በልቶ እጁን እየታጠበ «ዘንድሮ ካልገባች ከርሞ የጋብቻ ጠያቂ ይመጣል። ያኔ እንግዲህ ልጅቱ ተማሪ ናት አትሉ» ብሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው ቀየት ከተማ ውስጥ ነው። መንገዱ ገደል አለው፣ ወንዝ አለው። ጅብም አለ፣ ከጅብም የባሰ አለ፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ብቻዋን ከታየች ተጠልፋ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ ልጆቹ ተጠራርተው በአንድነት ነው የሚሄዱት። እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ፣ «ከልጆቹ ጋር ከሆነ ትሄጃለሽ። ብቻሽን አለቅሽም።» ከልጆቹ ጋር ደግሞ መሄድ አይቻልም። አባቴ ድንጋዩን ካልተሸከመ የእኔ ነገር አብቅቷል ማለት ነው። እሱም ያውቃል። ግን ስለ ድንጋዩ ከቤታችን ውስጥ የሚናገር አልነበረም።

ትምህርት የተጀመረ ቀን ጠዋት፣ እናቴ ከጆንያ የሰፋችልኝን ቦርሳ አንግቤ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ልጆቹ ከየቤቱ ሲጠራሩ ይሰማኛል፤ የአንዱ ስም ከወዲያ፣ የሌላዋ ከወዲህ፣ በጉሙ ውስጥ ይመላለሳል። የብርቄ ስም ተጠራ። የእኔን የጠራ የለም። ድምፃቸው ወደ ወንዙ ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ቦርሳዬን አላወለቅሁም።

እትዬ ዘነበች አህያቸውን ሊያስሩ ወጥተው አዩኝ። ዞር አሉና ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ።

«አህያዬ፣ ነገ ቀየት እንሄዳለን። ልጆቹ ይቀድማሉ፣ እኛ እንከተላለን። ከኋላችን የሚመጣ ቢኖር እኔ አላየሁም። አንቺም ጭነት ካለብሽ ዞረሽ አታዪም።»

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ሰማች። አየችኝ፣ አየችኝና «አንቺ ዶሮ፣ ነገ በማለዳ ቀስቅሺን» አለች። የሚቀሰቅሰው አውራው ነው፤ እናቴ ግን ያን ቀን ለዚህ ለዚህ ጊዜ አልነበራትም።

እንዲህ ሆኖ ነው ተማሪ የሆንኩት። ልጆቹ ከፊት፣ ከዚያ ሁለት ጆንያ የተጫነች አህያ፣ ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ ከዚያ እኔ። ማንም ከእኔ ጋር አልነበረም፣ እኔም ብቻዬን አልነበርኩም። ወንዙ ዳር ስንደርስ እትዬ ዘነበች «አህያዬ፣ ጭራሽን የያዘ ቢኖር እንዳትራገጪ» ይላሉ፤ እኔም ጭራዋን ይዤ እሻገራለሁ። ብርቄ ከፊት ሆና ፊደሏን እየጮኸች ታነበንባለች። ያን ያህል መጮህ ለራሷ አያስፈልጋትም ነበር። ቀየት ስንደርስ እኔ ክፍል እገባለሁ፣ እሳቸው እህታቸው ቤት ይውላሉ፤ ማታ እንደ አመጣጣችን እንመለሳለን። በየቀኑ ምን የሚሸጥ እንደሚጭኑ አስቤ አላውቅም። አንድ ቀን ጆንያው ተቀደደና አየሁት፤ ጭድ ነው። ያው ጭድ ይሄዳል፣ ያው ጭድ ይመጣል።

በጥቅምት አንድ ዓርብ ስንመለስ ባሻ ተክሌ ወደ ቀየት ሲሄዱ ወንዙን ተሻግረው መንገዱ ላይ ፈረሳቸውን አቁመው ጠበቁን። ልጆቹ አለፉ።

«ዘነበች፣ ከኋላሽ ያለችው የማን ልጅ ናት?»

«ከኋላዬ? እኔ ወደ ፊት ነው የምሄደው ባሻ። አህያዋን ይጠይቋት።»

ባሻ አልሳቁም። «ስሚኝ፤ እኔ ይህን የምለው ደስ ብሎኝ አይደለም። ዛሬ ለአንዱ ካለፍን ነገ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያኔ የልጅ ልጆችሽ ምን ሊከድኑ ነው? ከሰንበት በኋላ ይህን ነገር ካልተውሽ አንቺንም ከእሳት እንለይሻለን።»

እትዬ ዘነበች የአህያዋን ጭነት ማጥበቅ ጀመሩ። ገብሱ ደርሷል፤ ወንድ የሌለባት ሴት ወንፈል ከተከለከለች እህሏ ማሳው ላይ ይቀራል። ባሻ ፈረሳቸውን ኮርኮር አደረጉና ሊሄዱ ሲሉ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ብለው «አንተ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ስትሻገር ተጠንቀቅ» አሉት። ፈረሱ የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ወንዙን ከተሻገረም ቆይቷል። ገና ያልተሻገርኩት እኔ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ባሻ ለእትዬ ዘነበች ያሉትን ለአባቴ ነገርኩት። ገመዱን መግመዱን አላቆመም። ሲመሽ ከካቡ ወዲያ የተለመደው ድምፅ መጣ፣ ትንሽ ሻከር ብሎ። «አህያዬ፣ ሰኞም ቀየት እንሄዳለን። የመጣው ይምጣ።» የአባቴ እጅ ያኔ ቆመ። ገመዱ በራሱ ጊዜ ተፈታ።

እሑድ ጠዋት ነጠላውን አደግድጎ ወደ ካቡ ሄደ። እትዬ ዘነበች ፍም ሲያስቀምጡበት የከረሙትን ድንጋይ ከካቡ ሥር ፈልቅቆ አወጣ። ትልቅ ነበር፤ አንድ ጎኑ በጥላሸት ጠቁሯል። ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመ። እኔ ከእናቴ አጠገብ ሆኜ ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አያለሁ።

«በድያለሁ» አለ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ። ዘነበችን ተዉልኝ።»

ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል ባሻ ተክሌ ተነሡ። ለወጣቶቹ አልተዉትም፤ ድንጋዩን በራሳቸው እጅ ከማጅራቱ ላይ አነሡለት፤ ጥላሸቱ ነጭ ጋቢያቸውን አጠቆረው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ። ባሻ ድንጋዩን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ።

«ከብዶህ ነበር?» አሉት።

«ከብዶኝ ነበር ባሻ።»

«እኛም ከብዶን ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰማይ ሰማይ ማየት አንገት ይሰብራል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቆሎ ነበር።

ያ አባቴ ያስረከበው ሣርም አልጠፋም። ለካ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከእነ እስሩ አስቀምጠውት ኖሯል። የታጨደ ሣር ወደ መሬቱ አይመለስም፣ ከእንግዲህ ላፈሰሰበት ቤት ይሁን አሉ። ሰንበት ነውና በማግሥቱ መጥተው ከደኑልን። ባና ሳይረጥብ ያደረበትን የመጀመሪያውን ሌሊት አላስታውሰውም፤ በደንብ ተኝቼ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ ወደ ካቡ አልተመለሰም። እናቴና እትዬ ዘነበች በቀረው ክፍተት እሳት ሲቀባበሉ ኖሩ።

የማስታውሰው የሰኞን ጠዋት ነው። ጉም ነበር። የአንዱ ስም ከወዲያ፣ የሌላዋ ከወዲህ ተጠራ፤ ከዚያ የብርቄ ድምፅ የእኔን ስም ጠራ። እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ» አሉ። ለአህያዋ የተናገሩ መስሎኝ ዞር ብዬ ፈለግኋት። አህያዋ ሣር ትበላ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከፍ ያለ ክፍል ስደርስ የእንግሊዝኛ መምህራችን ያንን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈና ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለን። ሌሎቹ ዝናብን፣ መጥፎ ጓደኛን፣ ጣፋጭ መብላትን ጻፉ። እኔ፣ ጎረቤቶቻችን እኛን አቮይድ ያደርጉ ነበር፣ እሳትም ካቡ ሥር ያስቀምጡልን ነበር ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ደግ ሰው ነበር። «ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ አንዱን ምረጪ» አለኝ። እሳቱን ሰርዤ መለስኩለት፣ ሙሉ ነጥብም አገኘሁ። ግን መዝገበ ቃላት ባገኘሁ ቁጥር ያንን ቃል እየገለጥኩ የማየው ልማድ ከዚያ ጀምሮ ነው። አንድን ሰው በዚያ መልክ ለማለፍ በየት እንደሚመጣ፣ መቼ ውኃ እንደሚቀዳ፣ እሳቱ መቼ እንደጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ክረምት ሰፈሩ ሁሉ ስለ እኛ ሲያስብ ከረመ። የየትኛውም መዝገበ ቃላት ትርጉም እስከዚያ ድረስ አይደርስም።

ለቅድስት መጀመሪያ የጻፍኩላት «አንድ ሰው የት እንዳለ እያወቁ፣ ስለ እሱም እያሰቡ፣ በዚያ አለማለፍ» የሚል ነበር። «አክስቴ፣ እያሰቡ የሚለው ከየት መጣ? መምህራችን አይቀበልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰርዤ ላክሁላት። ለገና ስትመጣ እነግራታለሁ፤ አባቷ ያኔ ሕፃን ስለነበር አያስታውሰውም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያዬ አያፈስም። ከበሬ ፊት ለፊት አንዲት ወጣት ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ከገባች ወራት አልፈዋል። ደረጃ ላይ እንተላለፋለን። ጫማዋን ለማሰር አታጎነብስም፣ ሰማይ አታይም፤ ስልኳን እያየች ታልፋለች፣ እኔም እንደዚያው። ስሟን አላውቅም። እኔን ለመሸሽ እንኳ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ማወቅ ነበረባት።

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። ሕፃኑ ጨለማው ውስጥ ሲያለቅስ፣ እናቱ እየዳበሰች የሆነ ነገር ስትጥል ሰማሁ። ሻማና ክብሪት ይዤ ወጣሁና ከበሯ ፊት ቆምኩ። እትዬ ዘነበች ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ ግን አህያ የለኝም፤ በመካከላችንም ያለው ካብ ሳይሆን ቁጥር የተጻፈበት በር ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ አንኳኳሁ።